ሞተሩ በ3000 ኒውተን እየገፋ መልሱ ለምን 2.5 አይሆንም?

የማታ ተማሪዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀን ሕንፃ ግንባታ ላይ እሠራለሁ፣ ማታ 9ኛ ክፍል እማራለሁ። አርብ የፊዚክስ ፈተና አለብን። አንድ ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ማሱ 1200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና አለ። ሞተሩ በ3000 ኒውተን ጉልበት ወደፊት ይገፋዋል። የመንገዱና የአየሩ ፍሪክሽን (ወደኋላ የሚይዘው ሰበቃ) 600 ኒውተን ነው። የመኪናው አክስለሬሽን ስንት ነው?

ፎርሙላውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ፎርስ እኩል ይሆናል ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን። ስለዚህ 3000ን ለ1200 አካፈልኩ። 2.5 መጣ። መጽሐፉ ከጀርባ የሰጠው መልስ ግን 2 ነው። ሦስቴ ደጋገምኩት። የጓደኛዬን ካልኩሌተር ተውሼ ሞከርኩ። ያው 2.5 ነው። መጽሐፉ ተሳስቷል ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?

ሌላም አለ። ክብደትና ማስ አንድ ናቸው? ሳይት ላይ «የአንዱ ከረጢት ሲሚንቶ ክብደት 50 ኪሎ ነው» እንላለን። ክፍል ውስጥ ግን ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው ተባልን። እዚህ ጋ ሁሉ ነገር ተምታታብኝ። እባካችሁ በቀላሉ አስረዱኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58

ሰላም እህቴ። መጽሐፉ ልክ ነው። አንቺም ማካፈሉን አልሳትሽም። የሳትሽው ከማካፈሉ በፊት ያለውን ነው። ፎርሙላው ውስጥ የሚገባው ፎርስ የሞተሩ ብቻ አይደለም። መኪናው ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። ኔት ፎርስ የምንለው እሱን ነው።

ወደፊት 3000፣ ወደኋላ 600። ሲቀናነስ 2400። 2400 ለ1200 ሲካፈል 2። አለቀ።

የማታ ተማሪዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ! ግን ሁሌ መቀነስ ነው ማለት ነው? መቼ እንደምደምር መቼ እንደምቀንስ በምን አውቃለሁ?

ጡረተኛ መምህር | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ቀን ሠርቶ ማታ ደብተር መግለጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ በርቺ። ወጣቱ የነገረሽ ትክክል ነው። እኔ ትንሽ ልጨምርበት። ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ማባዛትና ማካፈል ላይ አይደለም። ሥዕል ሳይሥል ስለሚጀምር ነው።

ወረቀት አውጪ። አንድ ሳጥን ሣዪ፣ መኪናው እሱ ነው። ወደ ቀኝ ቀስት አድርጊና 3000 ብለሽ ጻፊበት። ወደ ግራ አጠር ያለ ቀስት አድርጊ፣ 600። ወደ ታች የመኪናው ክብደት አለ። ወደ ላይ ደግሞ መንገዱ መኪናውን የሚደግፍበት ግፊት አለ። የላዩና የታቹ እኩል ስለሆኑ ይጣፋሉ፤ መኪናው መሬት ውስጥ አይሰምጥም፣ ወደ ላይም አይነሣም። የቀረው የቀኙና የግራው ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ቀስቶች ይደመራሉ። ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዩ ይቀናነሳሉ። ሥዕሉ ካለሽ መቼ መደመር መቼ መቀነስ እንዳለብሽ ራሱ ያሳይሻል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። ፎርስ በአማርኛ ጉልበት ነው። ቆሞ የቀረ ታክሲ ሰዎች ሲገፉ አይተሻል። ሦስቱ ወደፊት እየገፉ አንዱ ሳያውቅ ወደኋላ ቢይዘው ታክሲው የሚታዘዘው ለማን ነው? ለተረፈው ጉልበት ነው። አክስለሬሽንን እኔ ሽምጠት ማለት ይቀናኛል፣ ፍጥንጥነት የሚሉም አሉ። ፈተና ላይ በለመድሽው ስም ጻፊው። ቁም ነገሩ ሽምጠት ፍጥነት አለመሆኑ ነው። ሽምጠት ማለት ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት ልክ ነው። መልስሽ 2 ሲሆን ምን ማለት ነው? መኪናው ቆሞ ነበር እንበል። በ1 ሰከንድ ፍጥነቱ 2 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ2ኛው ሰከንድ 4፣ በ3ኛው 6። በ10ኛው ሰከንድ 20 ይደርሳል፤ ይኸውም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን እንዲህ አድርገሽ በዓይነ ሕሊናሽ ካየሽው አይረሳሽም።

ስለ ክብደቱ ነገ እመለሳለሁ፣ ዓይኔ ደከመ።

የደጀን መስመር ሹፌር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

መምህር፣ እንደምን አደሩ። ጣልቃ ልግባና እኔም የተማታብኝን ልጠይቅ። ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ቀጥ ባለ መንገድ በ80 ስሄድ መሪውንም ነዳጁንም ባለበት ይዤ ሩብ ሰዓት እሄዳለሁ። ፍጥነቴ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንደ ፎርሙላው ሽምጠቱ ዜሮ ነው። 8000 ኪሎ በዜሮ ቢባዛ ዜሮ። ታዲያ ሞተሩ ምንም ጉልበት አላወጣም ማለት ነው? ነዳጁ ግን እየነደደ ነው! ከኪሴ የሚወጣውን እኔ አውቃለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02

ጋሼ፣ ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ወንድም ነው። ዜሮ የሆነው የተረፈው ጉልበት ነው፣ የሞተሩ አይደለም። በ80 ሲሄዱ አየሩ ከፊት ይገፋዎታል፣ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ይታገላል። እነዚህ ሁለቱ ተደምረው 2500 ኒውተን ናቸው ብንል ሞተሩም ልክ 2500 እየገፋ ነው። 2500 ሲቀነስ 2500፣ ዜሮ። ነዳጁ የሚነደው ያንን ትግል ለመቻል ነው። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ሲያነሡ ወዲያው መቀነስ ይጀምራል አይደል? ያን ጊዜ የቀረው ወደኋላ የሚጎትተው ብቻ ነው።

የደጀን መስመር ሹፌር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡20

አሁን ገባኝ! 19 ዓመት ስነዳ ሞተሩ መኪናውን «የሚያስኬደው» ይመስለኝ ነበር። ለካ በእኩል ፍጥነት ስሄድ ሥራው ከአየሩና ከመንገዱ ጋር እኩል ለእኩል መግጠም ብቻ ነው።

እንግዲያው የአባይን በረሃ ቁልቁለት ንገሩኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ ሁልጊዜ የምንነጋገረው ነገር አለ። 50 ኩንታል የጫነ መኪና ከባዶው ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል ይላል ሁሉም ሹፌር። እኔም እንደዚያ ነው የማምነው። ፊዚክሱ ምን ይላል?

ጡረተኛ መምህር | ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

ወንድሜ፣ ይህን በቁጥር እንየው። የዚያን መንገድ ትክክለኛ ቁልቁለት ስላልለካሁ ለስሌት ያህል ልገምት፤ 100 ሜትር ሲሄዱ 6 ሜትር ይወርዳሉ እንበል። ባዶው መኪና 3000 ኪሎ ግራም ይሁን። 50 ኩንታሉ 5000 ነው። ሲጫን 8000 ይሆናል። ፍሬንም ማርሽም አልያዙም፣ የጎማና የአየር ትግሉንም ለጊዜው እንተወው።

መሬት መኪናውን ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው የምትስበው። ግን መንገዱ ስላለ ከዚያ ስበት ውስጥ በቁልቁለቱ አቅጣጫ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። በኛ ግምት ከመቶ 6ቱ።

ለባዶው፦ 3000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.06፣ 1764 ኒውተን።
ለተጫነው፦ 8000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.06፣ 4704 ኒውተን።

አሁን ሽምጠቱን እናውጣ። 1764 ለ3000፣ 0.588። 4704 ለ8000፣ እሱም 0.588። እኩል ናቸው! የተጫነው መኪና ብዙ ጉልበት ይስበዋል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ ለመንቀሳቀስ ይከብዳል። ሁለቱ ይቻቻላሉ። ፍሬን የሚባል ነገር ባይኖር ሁለቱም ከቆሙበት ተነሥተው በ30 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ።

እርስዎ የሚሰማዎት ልዩነት ግን ሐሰት አይደለም። የሚመጣው ከፍሬኑ ነው። መኪናውን በእኩል ፍጥነት ለማውረድ ብቻ ባዶው 1764 ኒውተን መያዝ ይበቃዋል። የተጫነው 4704 ይፈልጋል። ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በባዶው የለመዱትን ያህል ፍሬን ቢረግጡ 2940 ኒውተን ሳይያዝ ይቀራል። ያ የቀረው ነው መኪናውን የሚያስፈተልከው። የአየሩም ትግል በተጫነው ላይ ያን ያህል አቅም የለውም፤ ያው አየር ለትልቅ ማስ ትንሽ ነገር ነው።

የደጀን መስመር ሹፌር | ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

መምህር፣ ይህን ጽሑፍ ለረዳቴ አነበብኩለት። ወጣት ልጅ ነው፣ ገና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። «ለዚህ ነው ከላይ ጀምረህ ማርሽ ቀንስ የምትለኝ» አለኝ። አዎ ለዚህ ነው። ፍሬኑ ላይ ብቻ ከተቀመጥክ ይግላል፣ ጎማው ጋ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ በመጨረሻ ፔዳሉ እግርህ ሥር ባዶ ይሆናል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ድልድዩ ሳይደርስ አንድ መታጠፊያ ላይ ነው። በማርሽ ይዤ የዳገቱን ጠርዝ እየታከኩ ነው ያቆምኩት። ወርጄ ጎማው ላይ ውኃ ላፍስ ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ይህን 4704 የሚባል ቁጥር ባውቀው ኖሮ ከላይ ጎሐ ጽዮን ላይ ነበር በሁለተኛ ማርሽ የምወርደው።

8ኛ ክፍል ነኝ | ረቡዕ፣ ቀን 9፡30

የእኔ ሐሳብ ግን ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ነው። ድንጋይና ላባ አብሬ ብለቅ ድንጋዩ ነው የሚቀድመው። ስለዚህ የተጫነው መኪናም መቅደም አለበት።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል | ረቡዕ፣ ቀን 9፡50

የኔ ወንድም፣ ላባውን የሚያዘገየው ማሱ ማነሱ አይደለም፣ አየሩ ነው። አየር በሌለበት ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ ከሁለት እጁ እኩል ለቀቃቸው። እኩል ነው መሬት የነኩት። ቪዲዮው አለ፣ ፈልገህ እየው። ቤትህ ውስጥ ደግሞ ይህን ሞክር። አንድ ወረቀት ዘርግተህ ከሌላ ጭብጥ ተደርጎ ከተጨማደደ ወረቀት ጋር ልቀቃቸው። ማሳቸው እኩል ነው። የተጨማደደው ይቀድማል። የተለየው አየሩ የሚይዘው ስፋት ብቻ ነው።

ጡረተኛ መምህር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

ልጄ የማታ ተማሪዋ፣ ዕዳዬን ልክፈል። ክብደትና ማስ።

ማስ በዕቃው ውስጥ ያለው የቁስ ልክ ነው። መጠነ ቁስ እንለዋለን። በኪሎ ግራም ይለካል። ዕቃውን ለማንቀሳቀስ ወይም ለማስቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚነግርሽ እሱ ነው። ክብደት ግን ጉልበት ነው። መሬት ያንን ዕቃ የምትስብበት ጉልበት። ጉልበት ስለሆነ በኒውተን ይለካል። የምታሰይው በዚያው በምታውቂው ፎርሙላ ነው፤ ማሱን በመሬት ስበት ሽምጠት፣ በ9.8 ታባዣለሽ።

የሲሚንቶሽ ከረጢት ማስ 50 ኪሎ ግራም ነው። ክብደቱ 50 ሲባዛ በ9.8፣ 490 ኒውተን ነው። ያንኑ ከረጢት ጨረቃ ላይ ብትወስጂው ማሱ ያው 50 ነው፤ አንድ ፍሬ ሲሚንቶ አልጎደለም። ክብደቱ ግን 80 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ የጨረቃ ስበት የእኛን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ። ትከሻሽ ላይ ይቀልሻል። በጋሪ ጭነሽ ስትገፊው ግን ለማስነሣት ያው ነው የሚያስቸግርሽ።

ገበያ ላይ «ክብደቱ 50 ኪሎ» ማለት ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንናገረው። ፈተና ላይ ግን «ክብደቱ ስንት ነው» ካለሽ መልሱ በኒውተን ነው። በነገራችን ላይ 9.8 ራሱ ከቦታ ቦታ በጥቂቱ ይለያያል። ከምድር ወገብ በቀረብሽና ከፍ ባልሽ ቁጥር ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ከ9.78 ትንሽ ያንሳል፣ ፓሪስ ላይ 9.81 ነው። ለፈተናሽ 9.8 ይበቃል፤ 10 ተጠቀሚ ካሉሽም 10።

ሊፍት ሠሪው | ረቡዕ፣ ማታ 2፡45

ሰላም ወገኖች። ሊፍት እጠግናለሁ። የመምህርን ጽሑፍ ሳነብ ባለፈው ዓመት ያደረግኩት ትዝ አለኝ።

ቦሌ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሥራ ጨርሼ ስወጣ በር ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ሰው እየመዘነ ነው የሚኖረው። ሚዛኑ ባለ መርፌ ነው፣ ዲጂታል አይደለም። «ሊፍት ውስጥ ልመዘን፣ አብረኸኝ ና» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩበት መሰለው። ከዚያ ሚዛኑን በብብቱ ይዞ ተከተለኝ።

ሊፍቱ ቆሞ ስቆምበት መርፌው 68 ላይ ነው። 8ኛ ፎቅ ተጫንኩ። ሊፍቱ እንደተነሣ መርፌው ወደ 73 ሄደ፣ እዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ወደ 68 ተመለሰ። በመሐል ፎቆቹን ስናልፍ ከ68 ንቅንቅ አላለም። 8ኛ ላይ ሊቆም ሲል ደግሞ ወደ 63 ወረደ። ልጁ ጎንበስ ብሎ እያየ «ኧረ ከሳህ!» አለ። ስንወርድ እሱ ወጣበት። ሊፍቱ ሲነሣ ቀለለ፣ ታች ሊቆም ሲል ከበደ። አራት ጊዜ ተመላለስን። ሰዎች ሊገቡ ሲሉ እያዩን ይቆሙ ነበር።

ለእኔ ይህ ነገር ትልቅ ነበር። ሊፍቱ በእኩል ፍጥነት ሲወጣ ሚዛኑ የሚያሳየው አልተቀየረም። የተቀየረው ፍጥነቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ብቻ ነው። ስሌቱን እነሆ። 68 ሲባዛ በ9.8፣ 666 ኒውተን። ሚዛኑ 73 ሲል ወደ ላይ የሚገፋኝ 715 ኒውተን ነው። ሲቀናነስ 49። 49 ለ68፣ 0.72። ሊፍቱ ሲነሣ በየሰከንዱ 0.72 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል ማለት ነው። ሊፍቱን ሳልከፍት በሰው ሚዛን ሽምጠቱን ለካሁት።

8ኛ ክፍል ነኝ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ገመዱ ቢበጠስስ? ሚዛኑ ስንት ይላል?

ሊፍት ሠሪው | ረቡዕ፣ ማታ 3፡06

ዜሮ። አንተም ሚዛኑም እኩል ስለምትወድቁ አይነካካችሁም። ግን አትስጋ፣ ገመዱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነው። ፍጥነቱ ካለፈ ደግሞ ሐዲዱን ነክሶ የሚያቆም መሣሪያ አለው። እሱን መፈተሽ ነው የእኔ ሥራ።

የማታ ተማሪዋ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ የቀስቱን ሥዕል አሳየኋቸው። ሁለተኛ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። 400 ግራም ኳስ ሲመታ አክስለሬሽኑ 30 ቢሆን ፎርሱ ስንት ነው ይላል። 400 በ30 አባዝቼ 12000 ኒውተን አልኩ። መልሱ 12 ነው። ይህንንስ ምን ቀነሱበት? ቀስቱ አንድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሲቪል | ሐሙስ፣ ማታ 3፡41

እህቴ፣ እዚህ የተቀነሰ ነገር የለም። ግራም ነው ያሳሳተሽ። 1 ኒውተን ማለት 1 ኪሎ ግራምን በ1 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር የሚያሸምጥ ጉልበት ነው። ግራም እዚያ ትርጉም ውስጥ የለም። መጀመሪያ 400 ግራሙን 0.4 ኪሎ ግራም አድርጊው። 0.4 በ30፣ 12።

መልስ ስታገኚ ከምታውቂው ነገር ጋር አስተያዪው። መኪናውን ያስነሣው 2400 ኒውተን ነበር። አንድ ኳስ አምስት እጥፍ ጉልበት ሊፈልግ አይችልም።

በዚህ አንቺ ብቻ አይደለሽም የተሳሳትሽው። ናሳ ወደ ማርስ የላከው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የሚባል መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋው በመለኪያ ምክንያት ነው። አንዱ ሶፍትዌር የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ ጉልበት ያወጣል፣ ሌላው ቁጥሩን በኒውተን ነው ብሎ ይቀበላል። 1 ፓውንድ ጉልበት 4.45 ኒውተን ያህል ነው። መንኮራኩሩ ማርስ ሲደርስ ከታሰበው በጣም ዝቅ ብሎ ገባና ጠፋ። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ሳልጽፍ አላልፍም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ማታ 5፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፣ ፊዚክስ ከተማርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ከዋሽንግተን ቀጥታ ነበር የበረርኩት። ስመለስ ግን ደብሊን ላይ ለነዳጅ ቆምን። ርቀቱ ያው ነው፣ አውሮፕላኑም ያው ነው። ከዚህ የፎርስና የማስ ነገር ጋር ይገናኛል?

ጡረተኛ መምህር | አርብ፣ ጠዋት 12፡50

እህቴ፣ በደንብ ነው የሚገናኘው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 100 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ላይ ያለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ሳሳ ያለ ነው።

የሳሳ አየር በሁለት በኩል ይጎዳል። ሞተሩ የሚውጠውና ወደኋላ የሚወረውረው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ አውሮፕላን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ድሪምላይነር የሚባለውን ቦይንግ 787 እንውሰድ። 787-8 ሙሉ ተጭኖ ሲነሣ ማሱ እስከ 228000 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሁለቱ ሞተሮች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ባንድነት ወደ 600000 ኒውተን ይገፋሉ። 600000 ለ228000፣ 2.6 ገደማ። ጉልበቱ በሩብ ቀነሰ ብለን ብንገምት 450000 ለ228000፣ 2 ያህል። ቀስ ብሎ ይፈጥናል፣ ሊደርስበት የሚገባው ፍጥነት ደግሞ ጨምሯል። አስፋልቱ ግን አይረዝምም።

ፎርሙላው ውስጥ ሦስት ነገር ነው ያለው። ጉልበቱን መጨመር አይቻልም። ስለዚህ የሚነካው ማሱ ነው። ማሱን ለመቀነስ ደግሞ ሰው ከማውረድ ነዳጅ አሳንሶ ተነሥቶ መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል። የእናትሽን በርበሬና ሽሮ ይዘሽ እንድትገቢ ነው ደብሊን የቆማችሁት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | አርብ፣ ጠዋት 1፡30

በርበሬውን በምን አወቁ መምህር! ሁለት ሻንጣ ሙሉ ነበር። ያኔ ደብሊን ላይ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ በመዘግየታችን ተናድጄ ነበር። ይህን ለልጄ ነው የማስረዳት፣ እሷም ዘንድሮ ፊዚክስ ጀምራለች።

የማታ ተማሪዋ | አርብ፣ ማታ 3፡50

ፈተናውን ተፈትኜ መጣሁ! ከአምስቱ የስሌት ጥያቄዎች አራቱን እርግጠኛ ነኝ። ሁሉም ላይ ቀስት ሥያለሁ። አንዱ ላይ ፈታኙ ፍሪክሽኑን በመጨረሻው መስመር ላይ ነው የጻፈው። ጓደኞቼ አላዩትም፣ እኔ አየሁት።

ግን የመጣሁት ሌላ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሳይት ላይ ሲሚንቶ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በገመድና ገመዱ በሚዞርበት ፑሊ ነው የምንስበው። ባለፈው ወር ገመዱ ተበጥሶ ከረጢቱ እኔ ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ ርቆ ወደቀ። አቧራው ዓይኔን ሞላው። ያኔ ፎርማኑ «ገመዱ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ገመድ አመጣ። እኔ ግን የሚገርመኝ ነገር ነበር። ከረጢቱ ተንጠልጥሎ እያለ አልተበጠሰም። የተበጠሰው ልጆቹ «ሆ!» ብለው በድንገት ሲጎትቱ ነው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ላይ ሣልኩት። ሳጥኑ ከረጢቱ ነው። ወደ ታች ቀስት፣ 490 ኒውተን። ወደ ላይ ቀስት፣ ገመዱ። ቆሞ ሲንጠለጠል ወይም በእኩል ፍጥነት ሲሳብ ገመዱ የሚይዘው 490 ነው። ልጆቹ በድንገት ሲጎትቱት ሽምጠቱ 3 ነው ብዬ ገመትኩ። የተረፈው ጉልበት 50 ሲባዛ በ3፣ 150። ስለዚህ ገመዱ 490 ሲደመር 150፣ 640 ኒውተን መያዝ አለበት። ከረጢቱ አልጨመረም፣ አጎታተቱ ብቻ ነው 150 የጨመረው። ልክ ነኝ መምህር?

ካርቶኑን ለፎርማኑ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን «ቀስ እያላችሁ፣ ሳትነጥቁ» ሲላቸው ሰማሁት።

ጡረተኛ መምህር | አርብ፣ ማታ 4፡10

ልክ ነሽ ልጄ። አንድም የምነካው ነገር የለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልስጥሽ። ያው 50 ኪሎ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ፍጥነቱ በዚያው በ3 እየጨመረ ከሆነ ገመዱ ስንት ይይዛል? መጨረሻ ላይ በ3 እያዘገያችሁ ስታስቆሙትስ?

የማታ ተማሪዋ | አርብ፣ ማታ 4፡32

ሲወርድ 490 ሲቀነስ 150፣ 340 ኒውተን። ስናስቆመው ግን የተረፈው ጉልበት ወደ ላይ መሆን አለበት። እንደገና 640 ነው! ሊፍት ሠሪው ታች ሊቆም ሲል ልጁ ከበደ ያለው ይኼን ነው። ሰኞ ጠዋት ይህንንም ካርቶኑ ላይ እጨምረዋለሁ።